የድሃ ልጅ ደራሲ ምን ይብላ?

«እውነተኛ ደራሲ ለገንዘብ አይጽፍም» የሚል አባባል በየቴሌግራም ቻናሉ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ከሥሩ በስካን የተባዛ ልብ ወለድ ተያይዟል። ይህን አባባል አልቀበልም። ለገንዘብ የማይጽፍ ሰው ሌላ ገቢ ያለው ሰው ነው፤ በቃ።

የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ያቆሙትን ቁጠሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሚኒስትር ነበሩ። መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም። ትልቅነታቸውን አልነካም፤ ግን መጽሐፍ ባይሸጡ ምሳቸው አይቀርባቸውም ነበር።

አቤ ጉበኛ ግን ሌላ ነው። ከባሕር ዳር አካባቢ ገጠር የወጣ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ነው። ከዚያ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ብቻ ሊኖር ቆረጠ። ያኔ ይህ ድፍረት ነበር፤ ዛሬም ነው። በ1955 «አልወለድም» ወጣ። በድሃ እናቱ ማህፀን ያለ ጽንስ እዚህ አገር ላለመወለድ ይሟገታል። መጽሐፉ ታገደ። ደራሲውም በኋላ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ፣ በግዞት ተላከ።

የካፋ ልጅ ነኝና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኢሉባቦር የካፋ ጎረቤት ነው፤ ዝናቡም ጫካውም ቡናውም የእኛው ዓይነት። ለአዲስ አበባ ሹም መቀጫ የሆነው ምድር ለእኛ የተወለድንበት ቤት ነው። የድሃ ልጅ አፉን ሲከፍት የሚጣልበት ቦታ ላይ የተወለደ ልጅ፣ እሱስ መጻፍ ሲያምረው የት ይሂድ?

አቤ በ1972 ሞተ። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የአቤ ሥራ ዛሬም ባለቤት አለው። በነፃ ስንለቀው «ለወገን አካፈልን» እንላለን። መንግሥት መጽሐፉን አገደበት፤ እኛ ደግሞ ዋጋውን አስቀረንበት።

የሙያ ጓደኞቼ «ሶፍትዌርስ በነፃ ይለቀቅ የለ?» ይሉኛል። አዎ፣ ይለቀቃል፤ የሚለቀው ግን ባለቤቱ ነው። ክፍት ኮድ ስጦታ ነው። ካለባለቤቱ ፈቃድ የሚወሰድ ነገር ሌላ ስም አለው። ደግሞ እኛ ቀን ቀን ደመወዝ እየበላን ነው ማታ በነፃ የምንሰጠው።

«መጽሐፍ ውድ ነው፣ ክፍለ ሀገር አይደርስም» ለሚለው ክርክር ግን ጆሮ አለኝ። እውነት ነው። የወረቀት ዋጋ ናላ ያዞራል። ቦንጋ ያለ ተማሪ አንድ ልብ ወለድ ለመግዛት አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ማስቸገር የለበትም። መፍትሔው ግን ስርቆት ሳይሆን ርካሽ ዲጂታል ቅጂ ነው፤ በቴሌብር ከፍሎ በስልክ ማንበብ። ሥራዬ ነውና አውቀዋለሁ፤ ቴክኒኩ ተራራ አይደለም። የጠፋው የመክፈል ልማድ ነው።

ካፋ ውስጥ ይህን ታሪክ በቡና እናውቀዋለን። ስሙ ዓለምን ይዞራል፣ ቦንጋ ላይ ሙዚየም ይሠራለታል፣ ለቃሚው ግን የስኒውን ዋጋ አያይም። ደራሲንም እንደዚያው አደረግነው፤ ፎቶውን እንለጥፋለን፣ ሥራውን በነፃ እንጠጣለን።

አሁን አንድ የቡና ለቃሚ ልጅ በካፊኖኖ ልብ ወለድ መጻፍ አማራት እንበል። በሚሊዮኖች የሚነበብ አማርኛ ደራሲውን ካላበላ፣ የእሷ ቋንቋ በምን ሒሳብ ያበላታል? «ለፍቅር ጻፊ» እንበላት? ለፍቅርማ እናቷም ቡና አትለቅምም።

ስለዚህ ቀጥሎ የደረሳችሁን ስካን ወደ ሌላ ግሩፕ ከማስተላለፋችሁ በፊት ደራሲው በሕይወት ካለ ፈልጉት፤ ከሌለ የሚሸጠውን ቅጂ ግዙ። አቤን የምንወደው ከሆነ እንክፈል። ካልከፈልን ቀጣዩ አቤ አይወለድም።