የይፋት መንገድ እራት

ባለፉት ዓመታት ስለ ደሴ መንገድ ደጋግመን የሰማነው ዜና ሁለት ዓይነት ነው፤ «መንገዱ ተዘጋ» እና «መንገዱ ተከፈተ»። ሁለቱም የሚለኩት መኪና በማለፉና ባለማለፉ ነው። እኔ ግን ሌላ መለኪያ አለኝ። በመንገዱ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች እራት ያበስላሉ ወይ?

ይህን መለኪያ ያገኘሁት በኅዳር 2001 ዓ.ም. ነው። የነቢያት ጾም ሳይገባ ከአንድ የማጀቴ ተወላጅ ወዳጄ ጋር ለሁለት አዳር ወደ ቆላው ወረድን። ምክንያታችን ዘመድ ጥየቃ ነበር ብንልም ዋናው ጉዳይ ሥጋና ቢራ እንደነበር ዛሬ ብናገር የሚቀየመኝ የለም። ጣርማ በርን ወጥተን፣ ደብረ ሲና ላይ እንደ ደንቡ ቆሎ ገዝተን፣ ጃኬታችንን እያወለቅን ሸዋ ሮቢት የደረስነው ሲመሽ ነው። ሙቀቱ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ ወንበሩ ሁሉ በረንዳ ላይ ነው። በዚያ ዘመን «አልቃይዳ» የሚል ስም የወጣላቸው አይሱዙዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ሾፌርና ረዳት ታጥበው ጥብስ ይጠብቃሉ።

ያስተናገዱን የቤቱ ባለቤት ሴት ናቸው። ገበያ እንዴት ነው ስላቸው «ልጄ፣ የከተማው ሰው ሻይ ነው የሚጠጣልኝ፤ እራት የሚበላልኝ መንገደኛው ነው» አሉኝ። ሒሳቡንም አስረዱኝ። በሬው በዱቤ ይገዛል፤ በዚያ ሙቀት ሥጋ ከሁለት ቀን በላይ አያቆዩትም። የመጀመሪያው ቀን ሽያጭ ዕዳውን ይከፍላል፤ ትርፉ ያለው ሁለተኛው ማታ ላይ ነው። አንድ ማታ መኪና ካላደረ ትርፉ የለም፤ ሦስት ማታ ካላደረ ደግሞ በሬ የሸጠላቸው ሰው በር ላይ ይቆማል። ስለ አነስተኛ ንግድ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ ይህን ያህል የገባኝ የለም።

በማግስቱ እሑድ ስለነበር ሰንበቴ ገበያ ቆምን። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝበት ይህ ገበያ ለምግብ ቤቶቹ ሁሉ ጓዳቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከብቱም ፍየሉም እህሉም እዚያ ነው። ርቦን አንድ ቤት ገባን። አስተናጋጁ ወጣት የወዳጄን የአንገት ማተብ አየና፣ ትእዛዝ ሳንሰጥ «ጋሼ፣ ሥጋው የእስላም ነው፤ ሽሮ ላምጣላችሁ?» አለን። ዝም ብሎ ቢያቀርብልን ማን ያውቅበት ነበር? ሽሮውን በላን፤ ከዚያ እኛም እነሱም ከአንድ ጀበና ጠጣን።

ማጀቴ ከካራ ቆሬ ተገንጥለው የሚገቡባት ከተማ ናት። ስሟን ስሰማ ጓዳ ትዝ ይለኛል፤ አመጣጡ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን እንዲህ ነው የምሰማት። በረንዳ ላይ ቢራ ቤት ከማማረጥ ይልቅ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት ገባን። የማሽላ እንጀራ በቅቅል ቀረበልን። አጠገባችን የነበሩ አባት በግንቦት 1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ ከተማዋን እንዴት እንዳፈረሳት ነገሩን። ሰው ከፍርስራሹ ላይ ጎጆውን መልሶ እንዳቆመ ሲያወሩ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። አንድ ጊዜ የፈረሰ ቤት ይሠራል።

እየደጋገመ የሚፈርስስ? በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ ዕንባ ጠባቂ ተቋም በመጋቢቱ ግጭት ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን አሳወቀ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ማጀቴ ራሷ የውጊያ ሜዳ ሆነች። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሲቪሎች ተገደሉባቸው ካላቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ናት። ከዚህ ሁሉ ሐዘን ጎን ስለ ጥብስና ስለ ቢራ ማውራት ነውር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሞት የተረፈው ሰው የሚኖረው በምን ነው?

እነዚህ ከተሞች መንገዱ የወለዳቸው ናቸው። የአሰብ መኪና በዚህ ሲያልፍ ደመቁ፤ በ1960ዎቹ የአዋሽ-ሚሌ መንገድ ሲሠራ ከባድ መኪናው ቀነሰባቸው፤ የወሎና የትግራይ መንገደኛ ግን ቀረላቸው። ደብረ ብርሃንና ኮምቦልቻ ሁለቱም ቢራ የሚጠመቅባቸው ከተሞች ሆነው እነርሱ መሐል ላይ ናቸው። አሁን ያጡት የመኪና ብዛት ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ሾፌር በአፋር በኩል መዞርን የመረጠው፣ በዚህ ያለፈውም ሳይጨልም ለመሻገር የሚጣደፈው፣ ማደር ስለሚያስፈራ ነው። የማያድር መኪና ደግሞ ለምግብ ቤት የለም ማለት ነው።

መልሶ ግንባታ ሲባል ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የመንግሥት ቢሮ ይቆጠራል። ተገቢ ነው። በኪራይ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ግን በየትኛው ዝርዝር ትገባለች? ካርታ የላትም፤ ስለዚህ ለብድር መያዣ የላትም። ተራ የኢንሹራንስ ውል ጦርነትንና ሁከትን አይሸፍንም። ድስቷ፣ ወንበሯና ዱቤዋ ነበሩ ንብረቷ። ወንበሩ ተቃጠለ፤ ዱቤው ግን አልተቃጠለም። የብድርና ቁጠባ ተቋማት መያዣ ከመጠየቅ ይልቅ የቀድሞ የንግድ ፈቃድና የጎረቤት ምስክር ቢቀበሉ፣ የተቃጠለ ዕዳንም ቢያራዝሙ፣ ከብዙ ዐውደ ጥናት የበለጠ እራት ያበስል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም ሆነ ሌላው ሸቀጥ ምን ያህል እንደናረ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ያን ወዳጄን ባለፈው ዓመት ስለ ጠላ ቤቷ ጠይቄው ነበር። እመቤቲቱ አሉ። ጠዋት ሻይና ፓስቲ ይሸጣሉ፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ይዘጋሉ።