ዋት ቢበዛ ጃዝ አይሆንም

ለመሆኑ የጊታር ድምፅ የሚለካው በምንድን ነው? በጆሮ ወይስ በኪሎ? ለቀልድ አይደለም የምጠይቀው። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ እዚሁ በምኖርበት በአቃቂ በሰቃ፣ አንድ መዝናኛ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ጊታሪስት ሲጫወት ሰማሁ። ሰማሁ ከምል ተደበደብሁ ብል ይሻላል። ልጁ እጁ መልካም ነው። የጀመረውም በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነበር። ከኋላው የቆመው ቁም ሳጥን የሚያክል አምፕሊፋየር ግን ቅኝቱን ዋጠው። ሲያርፍ ጠጋ ብዬ ብጠይቀው፣ የሁለት ዓመት ቁጠባውን ያፈሰሰበት ባለ 100 ዋት ዕቃ መሆኑን በኩራት ነገረኝ። «ጋሼ፣ ለጃዝ ጉልበት ያስፈልጋል አሉኝ» አለ።

እነማን ናቸው ያሉት? ጠቤ ከእነዚህ «አዋቂዎች» ጋር እንጂ ከልጁ ጋር አይደለም። 100 ዋት የ50 ዋትን እጥፍ አይጮኽም፤ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ጉልበቱ ዐሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። የተረፈ ዋት ጥቅሙ ድምፁ ሳይሰነጠቅ ጥርት ብሎ እንዲቆይ ነው። ለጠባብ ቤት ደግሞ 30 ዋት ይበቃል። አቃቂ የፋብሪካና የከባድ መኪና ሰፈር ነው፤ ጩኸት መቼ አጣንና!

ሌሎቹ ደግሞ «የድሮ የአሜሪካ ቫልቭ ካልሆነ ጃዝ የለም» ይላሉ። ይህም ተረት ነው። ስሙን ከጃዝ የወሰደው ሮላንድ ጃዝ ኮረስ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ትራንዚስተር ነበር። ታላቁ ጆ ፓስ የተጫወተበት ፖሊቶንም እንዲሁ። ቫልቩን የሚጠላ የለም፤ ነገር ግን ለ120 ቮልት የተሠራውን ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ከእኛ 220 ቮልት ላይ የሰካ ሰው የሚሰማው ጃዝ ሳይሆን የሚሸተው ጢስ ነው።

ከሁሉ የከፋው ኢኮ ነው። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ኖታዎች አሉ። የቅኝቱ ውበትም እዚያ ላይ ነው። ኢኮው ሲረዝም የፊተኛው ሳይጠፋ የኋለኛው ይደርስበትና ሁለቱ ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። መሬት ላይ የተቀመጠ አምፕሊፋየር ቀጭኑን ድምፅ በተጫዋቹ ጉልበት አጠገብ አሳልፎ ለአድማጩ ይወረውራል፤ ባለቤቱ አይሰማውም። ስለዚህ ከግድግዳው ጥግ ይራቅ፣ ሣጥን ላይ ይውጣ፣ ወደ ጆሮ ቀና ይበል። ከጊታሩ አንገት በኩል ያለው ፒካፕ ይመረጥ። ቤዝና ትሬብል ከግማሽ በታች ዝቅ ይበሉ፣ ሚድል ከፍ ይበል፣ ኢኮ ይዘጋ። የቀረውን ጣት ይሠራዋል።

«ታዳሚው ጩኸት ይወዳል» የሚሉኝ አይጠፉም። እውነት አላቸው፤ ያን ዕለት ልጁ ድምፁን ሲቀንስ ከኋላ «ጨምር!» ያለ ነበር። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። አንድ ማይክሮፎን ከስፒከሩ ፊት ማስቀመጥና ጥርት ያለውን ድምፅ በቤቱ ስፒከሮች ማዳረስ ነው። የተበላሸውን ድምፅ ማብዛት ብልሽቱን ማብዛት ነው።

ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጣ ብለን እንኮራለን። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም አሰማ ብለን እንኮራለን። ይገባናል! ግን ኩራታችን እስከ አቃቂ መድረስ ካቃተው ምን ይረባል? ያ ልጅ ሌላ ሁለት ዓመት የሚያጠራቅመው የለውም። እባካችሁ ሻጮችና አማካሪዎች፣ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ጊታሩን ይዞ ይምጣና በዝቅተኛ ድምፅ ይሞክረው። በሹክሹክታ ያላማረ ዕቃ በጩኸት አያምርም።