ለግማሽ ማይል ፍጥነት እጥፍ ክብደት፤ የሁለት አንጋፋ ጀልባዎች ንጽጽር

እ.ኤ.አ. በ1959 መጀመሪያ በኒውዮርክ በተካሄደው የጀልባ ትርዒት ላይ ክሊንተን እና ኤቨረት ፒርሰን የተባሉ የሮድ አይላንድ የአጎት ልጆች «ትራይተን» የተሰኘች ባለሸራ ጀልባ ለገዢዎች አቀረቡ። ጀልባዋ የተሠራችው ከእንጨት ሳይሆን ከፋይበርግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል ሙጫ መሰል ፈሳሽ ከተነከረ የመስታወት ክር ነበር። ዋጋዋም ከ10,000 ዶላር በታች ነበር። እስከዚያ ድረስ የባለጸጎች መዝናኛ ሆኖ የቆየው የሸራ ጉዞ መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ በር የከፈተው እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ነው።

የትራይተንን ንድፍ ያወጣው በስዊድን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ካርል አልበርግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለዚያው ፋብሪካ ተለቅ ያለች ሌላ ጀልባ ነደፈ፤ እርሷም በስሙ «አልበርግ 35» ተባለች። ሁለቱም ጠባብና ረጅም አካል፣ ከሥራቸውም ከባድ የእርሳስ ሚዛን አላቸው። ነዳፊያቸው፣ ፋብሪካቸውና የተሠሩበት ቁስ አንድ በመሆኑ ሁለቱን ማነጻጸር የመጠን ለውጥ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማየት ያመቻል።

ትራይተን ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.7 ሜትር ገደማ ስትሆን አልበርግ 35 ደግሞ 10.6 ሜትር ትሆናለች። ልዩነቱ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ክብደታቸው ግን በንድፉ መሠረት 3.1 ቶንና 5.7 ቶን ያህል ነው። ርዝመቱ በአንድ አምስተኛ ሲጨምር ክብደቱ ወደ እጥፍ ተጠግቷል ማለት ነው። ምክንያቱም ጀልባ ስታድግ በርዝመት ብቻ ሳይሆን በስፋትና በጥልቀትም ታድጋለች።

ይህ ሁሉ ክብደት የሚያስገኘው ፍጥነት ግን ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ውኃውን እየገፋ ሲሄድ የራሱን ማዕበል ይፈጥራል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ማዕበሉም ይረዝማል። የማዕበሉ ርዝመት ከጀልባው ጋር ሲስተካከል ጀልባው ራሱ በፈጠረው ሸለቆ ውስጥ ይታሰራል፤ ከዚያ በላይ ለመፍጠን እጅግ ከፍ ያለ ኃይል ይጠይቃል። ይህን ወሰን የሚወስነው ውኃው ላይ ያረፈው ርዝመት ሲሆን፣ ፍጥነቱ የሚያድገውም በርዝመቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። በዚህ ስሌት ትራይተን በሰዓት 6.1፣ አልበርግ 35 ደግሞ 6.6 የባሕር ማይል ገደማ ላይ ወሰናቸውን ይነካሉ። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን ባለው 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ጉዞ፣ ሁለቱም ያለማቋረጥ በሙሉ ፍጥነታቸው ቢጓዙ እንኳ ትልቋ የምትቀድመው በአንድ ቀን ተኩል ያህል ብቻ ነው።

የትልቋን ጀልባ ብልጫ በፍጥነት ብቻ መመዘን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ቅርጿ ሳይለወጥ ርዝመቷ እጥፍ የሆነ ጀልባ ብትኖር፣ ነፋስ እርሷን ለማዘንበል ያለው ጉልበት ስምንት እጥፍ ሲያድግ፣ ቀጥ ብላ ለመቆም ያላት አቅም ግን አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 በፋስትኔት የጀልባ ውድድር ላይ በተነሣው ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎች ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ የተካሄዱ ሙከራዎችም፣ ጀልባን በመገልበጥ ረገድ ወሳኙ የሚሰበረው ማዕበል ቁመት ከጀልባው መጠን ጋር ሲነጻጸር መሆኑን አሳይተዋል። ስንቅን በመሸከምም ቢሆን፣ ግማሽ ቶን ውኃና ምግብ ለትራይተን የክብደቷን አንድ ስድስተኛ ሲሆን ለአልበርግ 35 ከአንድ አሥረኛ በታች ነው። ቤተሰቡን ይዞ ውቅያኖስ ለማቋረጥ ያሰበ ሰው ትልቋን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ስሕተቱ የሚመጣው ብዙ ገዢዎች የሚከፍሉት የግዢውን ዋጋ ብቻ መስሎ ሲታያቸው ነው። ዛሬ እነዚህ ጀልባዎች ስድሳ ዓመት ገደማ ስለሞላቸው አብዛኛውን ጊዜ በአነስተኛ ዋጋ ይገኛሉ፤ በትልቋና በትንሿ መካከል ያለው የግዢ ልዩነትም ጠባብ ሊሆን ይችላል። የጥገናው ወጪ ግን የሚከተለው የጀልባዋን ዕድሜ ሳይሆን መጠኗን ነው። የትራይተን ሸራ 34፣ የአልበርግ 35 ደግሞ 51 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ዓይነት ነፋስ ውስጥ ሸራውን የሚጎትተው ኃይል በግማሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ገመዱም፣ ምሰሶውን ደግፎ የያዘው የብረት ሽቦም፣ መልሕቁም በዚያው ልክ መወፈርና መክበድ አለባቸው። ወደቦችም ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍሉት በርዝመት ልክ ነው።

ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ የዚያ ዘመን ሠሪዎች በአዲሱ ቁስ ላይ ሙሉ እምነት ስላልነበራቸው የጀልባውን አካል አወፍረው ሠርተውታል። በዙሪያው ያለው ግን ያረጃል። የብዙዎቹ የላይኛው ወለል በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት የያዘ ነው፤ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ሰርጎ ከገባ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ሽቦዎቹም በተደጋጋሚ መወጠርና መላላት ይደክማሉ። ይህን ሁሉ ማደስ በትንሿ የአንድ ክረምት ሥራ ሆኖ ሊያልቅ ሲችል፣ በትልቋ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

በየወደቡ ዓለምን ለመዞር ተብለው ተገዝተው ከምሶሶአቸው ሳይፈቱ የሚያረጁ ትልልቅ ጀልባዎች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚለው አነጋገር ለባለቤቶቻቸው የተነገረ ይመስላል። በአንጻሩ ጄምስ ባልድዊን የተባለው አሜሪካዊ መርከበኛ «አተም» በተሰኘች ትራይተኑ ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞሯል። ትንሽነቷ ከማዕበል አላስጣለውም፤ ነገር ግን አንድ ሰው በገዛ እጁ ሊጠግናትና ሊመራት የሚችል ጀልባ ነበረች።

ስለዚህ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋር ለሚጓዝ፣ በጀቱም ውስን ለሆነ ሰው የተሻለችው ትራይተን ናት። ገዢው ሜትር ከመቁጠሩ በፊት ሌሊት ነፋስ ሲበረታ ያንን ሸራ ማን እንደሚያወርደው ይጠይቅ። ከዚያም ትንሽ መዶሻ ይዞ ወለሉን እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጥ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤነኛ ወለልን፣ የታፈነ ድምፅ ደግሞ ከሥር የበሰበሰ እንጨትን ያመለክታል። የሚበሰብሰው ወለል በሰፋ ቁጥር ሒሳቡም እንደሚያድግ ያን ጊዜ ይረዳዋል።