የአገር ሕግና የኳስ ሕግ

በቆሰበር ከተማ የአውሮፓ ኳስ በሚታይባቸው ዲኤስቲቪ ቤቶች ከሚነሡት ሙግቶች ሁሉ የማይበርደው፣ «ፊፋ ማን ሆኖ ነው መንግሥትን የሚቀጣ?» የሚለው ነው። ተሟጋቾቹ የሚጠቅሱት ማስረጃም አንድ ነው፤ በሐምሌ 2000 ዓ.ም.፣ በእግር ኳስ ፌዴሬሽናችን ሹመኞች መካከል በተነሣው ጠብ የመንግሥት እጅ ገብቶበታል ተብሎ አገራችን ስትታገድ፣ ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታንያ ጋር ተመድባ በጀመረችው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያገኘችው ውጤት ሁሉ ተሠርዞ ከውድድሩ ወጣች።

ነገሩ ሉዓላዊነትን የደፈረ መስሎ ቢታይም፣ ባዕድ በእውነት ከሕጋችን በላይ ሆኖ የኖረበትን ዘመን ከዚህ ለይቶ መመርመር ይገባል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ፈረንሳዊ በኢትዮጵያ ምድር እየኖረና እየነገደ ለኢትዮጵያ ዳኛ ብቻ እንዳይገዛ፣ ቆንስሉም ከፍርዱ ድርሻ እንዲኖረው ተፈቅዶ ነበር። ፊፋ ግን በምድራችን ዳኛ አልሾመም፣ ወኅኒም የለውም፤ ሥልጣኑ እንደ ጳጳስ አውግዞ ከአንድነት መለየት ብቻ ነው፤ የሚወገዘውም አስቀድሞ ወዶ የገባ ነው። እኛማ በአፍሪካው የእግር ኳስ ማኅበር በካፍ ዘንድ ከመሥራቾቹ ነን፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ካፍን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት መርተውታል።

የውጭ ነጋዴ ነገር ሌላ ነው። የቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም ከአጋሮቹ ጋር በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ የተቀበለውና ለአገራችን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያደረው ገበያችንን ፈልጎ ስለ መጣ ነው፤ ወደ ዓለም ዋንጫ ደጅ ግን ፈላጊ ሆነን የምንሄደው እኛ ነን፤ ስለዚህ አዋጃችን ነጋዴውን ሲያስጎነብስ በኳሱ ማኅበር ፊት አቅም ያንሰዋል። በ2000ው ፍርድ እኔ ፊፋን የምወቅሰው በሌላ ነው፤ ሹማምንት ተጣልተው ሳለ ቅጣቱ የወረደው በጠቡ ውስጥ ባልነበሩት ተጫዋቾች ላይ ነው።

የስታዲየምን ጉዳይ ስናይ ደግሞ ወቀሳው አቅጣጫውን ይለውጣል። ከቆሰበር ተነሥቶ በግማሽ ቀን በሚደረስበት በባሕር ዳር ስታዲየም ብሔራዊ ቡድናችን በኅዳር 2012 ዓ.ም. አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር፤ ኋላ ግን ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ስለ ከለከለ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታንበት «የሜዳችን» ጨዋታ በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ተደረገ። እንዲህ ያለ ድል በባዕድ አገር መቅረቱ ቢያስቆጭም፣ ካፍ በዚህ የጣሰው የኢትዮጵያ ሕግ የለም፤ የጎደለውንም ሊሞላ የሚችለው በካይሮ የተቀመጠው የካፍ ሹም ሳይሆን የስታዲየሙ ባለቤት ነው።