«ለጀማሪ የሚሆን»

የኮራል ሱቅ ውስጥ ገንዳው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ነበረች። 30 ዶላር ትላለች፤ ከሥሩ ደግሞ «ለጀማሪ የሚሆን»። ሻጩን ስንት ብርሃን እንደሚፈልግ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ሌዘር እኮ ነው፤ ይሄ አይሞትም።» በአራተኛው ወር ሞተ።

ጠቤ ከዚያች ወረቀት ጋር ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ባለ አንድ መኝታ ቤቴ ውስጥ 75 ሊትር ባሕር እጠብቃለሁ። (አዎ፣ የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ። ቀልዱን ሰምቼዋለሁ።) እናቴ በቪዲዮ ስታየው «አንተ ልጅ፣ ደመወዝህን ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የምታፈሰው?» አለችኝ። ድንጋይ ቢሆን ጥሩ ነበር። ኮራል እንስሳ ነው። ድንጋያማ የሚባሉት ከሥራቸው የኖራ አጽም ይገነባሉ፤ ለስላሶቹ ያ የላቸውም፣ ሥጋቸው ውስጥ የተበተነ ጥቃቅን የኖራ ስንጥር ብቻ ነው ያላቸው። እያንዳንዷ ፖሊፕ ስምንት ክንድ አላት፣ ክንዱ እንደ ላባ የተዘረዘረ። ብዙዎቹ ሥጋቸው ውስጥ አልጌ ያኖራሉ፤ አልጌው ከብርሃን ምግብ ይሠራል፣ እንስሳው ይካፈላል።

«አይሞትም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ቶሎ አይሞትም ማለት ነው። ዛሬ የበደልከውን ከወር በኋላ ነው የሚነግርህ፤ ያኔ ደግሞ ምን እንዳደረግክ ረስተኸዋል። ሎግ የማይጽፍ ሰርቨር በሉት።

የኔ ሌዘር እንጉዳይ የሚመስለው ዓይነት ነበር፣ ሳርኮፊተን። አንድ ቀን ፖሊፖቹን ሁሉ ሰብስቦ ተዘጋ፣ ላዩ ሰም የተቀባ መሰለ። እኔም ኢንጂነር ነኝና ዝም ብዬ አላየሁም። ሰኞ መብራቱን ጨመርኩ። ማክሰኞ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። ሐሙስ ፓምፑን አዞርኩ፤ ቅዳሜ ከጠርሙስ የሆነ ነገር ጨመርኩበት። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በአንድ ሳምንት አራት ነገር ፕሮዳክሽን ላይ ቢቀይር ኮዱን እመልስበት ነበር። ኮራሉ ግን ቆዳውን እየገፈፈ ነበር እንጂ አልታመመም። ሳርኮፊተን በየጊዜው ያደርገዋል፤ ላዩ ላይ የተጠራቀመውን አልጌና ቆሻሻ ከሰሙ ጋር ይጥላል። አንዳንዴ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ተዘግቶ ይቆያል። የሚፈልገው ሰሙን የሚያነሳለት የውሃ ፍሰትና ዝም የሚል ባለቤት ነው። የኔው ከግንዱ መበስበስ ጀመረ፣ ቤቱ ሸተተ፣ አለቀ።

ወረቀቷ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ለስላሳ ኮራሎች እርስ በርስ በኬሚካል እንደሚዋጉም አልተጻፈም። መከለያ አጽም ስለሌላቸው ተርፒን የሚባሉ ውሕዶች ወደ ውሃው ይለቃሉ፤ ባሕር ውስጥ ማዕበሉ ይወስደዋል፣ 75 ሊትር ውስጥ ግን የት ይሄዳል? ጎረቤቱ ላይ። ስለዚህ የከሰል ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ውሃም በየጊዜው በጥቂቱ ይቀየራል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ ጨው 35 ግራም በኪሎ ውሃ፤ ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል። ናይትሬትና ፎስፌትን ዜሮ ካላደረግኩ ብለው የሚሟሟቱት ደግሞ እንስሳውን እያስራቡት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ዞአንቲድ ነው። በሳይንሱ ለስላሳ ኮራል አይደለም፤ ሱቁ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በዚያችው ወረቀት ይሸጠዋል። አንዳንዱ ዝርያ ፓሊቶክሲን አለው፤ ከሚታወቁት ብርቱ መርዞች አንዱ ነው። የበቀለበትን ድንጋይ በፈላ ውሃ ሲያጥቡ ወይም በብሩሽ ሲፈገፍጉ እንፋሎቱን ስበው ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ታዲያ ጓንትና መነጽር አድርግ፣ አትቀቅል ተብሎ መነገር ያለበት ማን ነው? ጀማሪው አይደለም?

«ታዲያ ጀማሪ በከባዱ ይጀምር ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ለጀማሪ ይሆናሉ፣ እስማማለሁ። ግን ቃሉ ሳይታወቀን «ቢሞት ግድ የለም» ወደሚል ተለውጧል። ዜንያን «አረም» የሚሏት ሰዎች አሉ፤ እጇን እየከፈተች እየዘጋች ቀኑን ሙሉ የምትተነፍስ የምትመስለውን። በ2013 የታተመ ጥናት የእሷን ዘመድ ቀይ ባሕር፣ ኤይላት ላይ መርምሮ፣ ያ እንቅስቃሴ በፖሊፗ ዙሪያ የሚከማቸውን ኦክስጅን እየጠረገ ፎቶሲንተሲሱን እጅግ እንደሚያፋጥነው አሳይቷል። አረም!

ንቀቱ ገንዳ ውስጥ ብቻ አይቀርም። የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ ድንጋያማ ኮራሎችን በሁለተኛው ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ድንበር ሲሻገሩ ወረቀት ይጠየቅባቸዋል። ከለስላሶቹ አብዛኞቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ከባሕር ስንት እንደተነቀለ በዚያ መዝገብ የሚቆጥረው የለም ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ በቤት ለማራባት ከሁሉም የሚቀሉት እነሱ መሆናቸው። ሌዘሩን በስለታም ምላጭ ትቆርጣለህ፣ ቁራጩን በላስቲክ ትንሽ ድንጋይ ላይ ታስረዋለህ፤ በጥቂት ሳምንት ይይዛል። እናቱም ቁስሏ ይድናል። ከዱር የመጣውን የምንገዛበት ምክንያት ምንድነው? 30 ዶላር ስለሆነ? ሻጩን «ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ አትግዙ፤ በአካባቢያችሁ ገንዳ ያለው ሰው ፈልጉና ቁራጭ ለምኑ።

ሁለተኛው ሌዘሬ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሱንም ቁራጭ ነበር ያገኘሁት። ባለፈው ወር ስድስት ቦታ ቆርጬዋለሁ። አንዱን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት፣ በፕላስቲክ ኩባያ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፌ። የተቆረጠበትን ቀን ጻፍኩለት፣ ከመብራቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ርቆ እንደነበር ጻፍኩለት፣ ከሥሩ «ይዘጋል። አትንካው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ደውልልኝ» ብዬ ጨመርኩ። ትናንት ደወለ፤ ገና አራተኛ ቀኑ ነው።