ጫማም የእርሻ መሣሪያ ነው

ባለፈው የበልግ ወቅት ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ ቀበሌ፣ በቆሎ በመስመር ስለ መዝራት ለአርሶ አደሮች ሠርቶ ማሳያ እንሰጥ ነበር። ገመድ ወጥሬ፣ የዘሩንና የማዳበሪያውን ርቀት ለክቼ ካሳየሁ በኋላ ጥያቄ ያለው እንዲናገር ጋበዝኩ። አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «ልጄ፣ ያልኸውን ሁሉ ሰምተናል። አንተ ግን ቦት ጫማህን አጥልቀህ ነው ማሳው ውስጥ የቆምኸው፤ እኛ በባዶ እግራችን ነን። ስለዚህስ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ግራ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል፤ ቆዳው ሻክሮ ጣቶቹ ተያይዘዋል።

መልስ አልነበረኝም። ለዲፕሎማ ስንማር ስለ አፈር ለምነት፣ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ አሲዳማነት ብዙ ተምረናል። አፈር በአራሹ እግር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን አንድ ገጽ እንኳ አላነበብንም።

በሽታው ዝሆኔ ይባላል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በቆላው አገር በትንኝ አማካይነት ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው የምናርሰው ቀይ አፈር ራሱ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ እነዚህ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ይደፈናሉ፤ ፈሳሹም መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን ይህን በሰፊው ያጠኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ነበሩ።

ነገሩ የጤና ቢሮ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የሚከተለውን ይመልከት። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በወላይታ ዞን ከመቶ ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በዚህ በሽታ የተያዘ መሆኑን አመልክቷል፤ ከታማሚዎቹም አብዛኞቹ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ነበሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ታማሚ ከዓመቱ የሥራ ቀናት 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በጠቅላላው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚከስር አስልቷል። እኛ የእርሻ ባለሙያዎች በሄክታር ጥቂት ኩንታል ለመጨመር ስንደክም፣ የአራሹ ግማሽ ዓመት ከእጃችን ሲያመልጥ ቆጥረነው አናውቅም። እግሩ ድንገት ተቆጥቶ ትኩሳት የያዘው ሰው ለቀናት ከመኝታው አይነሣም፤ ያ ደግሞ በአረም ወቅት ከሆነ ማሳው ጠፋ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ የሐሜቱ ጉዳይ አለ። «የዘር በሽታ ነው» እየተባለ ስንት ልጃገረድ ሳታገባ ቀርታለች፤ ስንት ልጅ ትምህርቱን ጥሏል። እርግጥ ነው፣ በወላይታ ታማሚዎች ላይ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ምርምር አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቀይ አፈሩ ቆዳውን ካላገኘው ተጋላጩም አይታመምም። በሰሜን አፍሪካ አገሮችና በካናሪ ደሴቶች የነበረው ይኸው በሽታ የጠፋው ሕዝቡ ጫማ መጫማት ሲለምድ ነው። የወጣቱን ልጅ የእግር ማሳከክና የማቃጠል ስሜት ቤተሰቡ ደብቆ ባያቆየው ኖሮ እብጠቱን ገና በጅምሩ መመለስ ይቻል ነበር።

ሕክምናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፤ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ለሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ (መጠኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳያለች፤ በግምት የሚጨመር አይደለም)፤ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፤ ቅባት መቀባት፤ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፤ እንደ ሁኔታው በፋሻ መጠቅለል፤ ከዚያም ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሙከራ ይህን የመሰለው እንክብካቤ የእግሩን ድንገተኛ መቆጣት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አረጋግጧል። እዚሁ ሶዶም በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር ሕመምተኞቹን ራሳቸውን አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲረዱ አድርጓል፤ ያበጠ እግር የሚያስገባ ሰፊ ጫማም አሰፍቷል። የገበያ ጫማ የማይገባው ሰው ጫማ አድርግ ሲባል መስማቱ ስድብ ይሆንበታልና፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በጫማው ነገር ግን አንድ ግልጽ ቅሬታ አለኝ። በየጊዜው የሚታደለው ጫማ የቤተ ክርስቲያንና የገበያ ጫማ ነው። አርሶ አደሩ ማሳው ዳር ሲደርስ አውልቆ ዛፍ ሥር ያስቀምጠውና በባዶ እግሩ ይገባል፤ ምክንያቱም ጭቃው ይይዘዋል፣ ወይም እንዳይበላሽበት ይሳሳለታል። በረባሶ ደግሞ አፈር ያስገባል። የፕላስቲክ ኮንጎውም ቢሆን እግር ሳይታጠብ ከተደረገ አፈሩን ከቆዳው ጋር አቅፎ ይውላል። የሚያስፈልገው ለእርሻ ሥራ የሚሆን፣ በጭቃ የማይያዝ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ በቀላሉ የሚታጠብ ጫማ ነው። ድንች የምትቆፍረዋ እናትና ከብት የሚጠብቀው ልጅም ሊረሱ አይገባም፤ እነርሱም ከአባወራው ባልተናነሰ አፈር ውስጥ ይውላሉ።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የግብርና ክፍሎች የሥራ ጫማን ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር በግብዓት ዝርዝር ውስጥ ቢያስገቡት፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከመኸሩ ሽያጭ በኋላ በሚከፈል ብድር ቢያቀርቡት ምን ይከለክላል? አርሶ አደሩ ማዳበሪያ የሚወስደው በዚሁ መንገድ አይደለምን? የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድ ቀበሌ እየኖሩ ለየብቻ ስብሰባ መጥራታቸውም ቢቀር መልካም ነው።

በዚያ ቀበሌ የሚቀጥለው ሠርቶ ማሳያ ከጤፍ ዘር በፊት ነው። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግረናል። ከገመዱና ከመለኪያው ጋር ሳፋ፣ ሳሙናና ፎጣ ይዘን እንሄዳለን፤ አዛውንቱም እግራቸውን ለማሳየት ፈቅደዋል። እኔም ቦት ጫማዬን አውልቄ ከሳፋው አጠገብ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።