ከጣሪያችን በላይ የሚያልፈው እንግዳ

ቦሌ ቡልቡላ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም፤ ለምዶታል። 93 ማዞሪያ ቆመው የሚጨዋወቱ ሰዎች ድምፁ እስኪርቅ ዝም ይሉና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔ ግን በሰፈሩ በቆየሁ ቁጥር አብዝቼ የማስበው አውሮፕላኑ ውስጥ ስለተቀመጠው ሰው ነው። የቱሪዝማችንም የንግዳችንም ትልቁ ያልተነካ ሀብት እሱ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያን ስለማስተዋወቅ ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው ባሕር ይሻገራል። በርሊንና ለንደን በሚካሄዱ የቱሪዝም ዐውደ ርዕዮች ቦታ ይያዛል፣ ብሮሹር ይታተማል፣ ልዑክ ይላካል። ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ልዑካኑ ፍለጋ የሄዱለት ሰው በዚያው ሰዓት ቦሌ ተርሚናል ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ቀጣዩን በረራ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 በጀት ዓመት 17 ሚሊዮን ያህል መንገደኞች አጓጉዟል። ከእነዚህ ትልቁ ክፍል አዲስ አበባን የሚያውቃት ከሌጎስ ወደ ጓንጁ፣ ከዋሽንግተን ወደ ናይሮቢ፣ ከሙምባይ ወደ ኪንሻሳ ሲሻገር ብቻ ነው።

ቆይታው ረዘም ያለውን መንገደኛ አየር መንገዱ ሆቴል ያሳርፈዋል። ማታ ማታ በቦሌ መንገድ የሚመላለሱት የሆቴል አውቶቡሶች የሚያመላልሱት እሱን ነው። ሰውዬው ክፍሉ ይገባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ቡፌው ላይ ካለው ሩዝና ፓስታ ያነሣል፣ ይተኛል፣ ሲነጋጋ ይመለሳል። አልጋ አላጣንም። ስካይላይት ሆቴል ብቻውን በ2011 ዓ.ም. በ373 ክፍሎች ሥራ ጀምሮ፣ ማስፋፊያው ሲታከልበት ከ1 ሺህ ክፍል አልፏል። የትራንዚት ቪዛውም በሩ ላይ ይሰጣል። እንግዳው አገር ገብቶ አድሮ፣ አገሩን ሳያይ ይወጣል። ይህ ያንገበግበኛል።

አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱን አቋቁመው የ13 ወር ፀጋን ለዓለም ሲያስተዋውቁ ሥራቸው ከባድ ነበር። አየር መንገዱ ራሱ ወደ ጄት የተሸጋገረው በ1955 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የምትባል የሚጎበኝ አገር እንዳለች መንገርና ሰዉን ከቤቱ ማስነሣት ነበረባቸው። የእኛ ዘመን ሥራ ከዚያ እጅግ ይቀላል፤ ቲኬቱን ገዝቶ፣ ደጃችን ድረስ የመጣውን ሰው ግባ ማለት ብቻ ነው።

ሌሎች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ሲንጋፖር ቻንጊ ኤርፖርት አምስት ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ የሚቆይ ትራንዚት መንገደኛ ለነፃ የከተማ ጉብኝት መመዝገብ ይችላል። የቱርክ አየር መንገድም ከስድስት እስከ 24 ሰዓት የሚቆዩ መንገደኞቹን ኢስታንቡልን በነፃ አስጎብኝቶ፣ ምግብ ጋብዞ ይመልሳቸዋል። ለጽድቅ አይደለም። ለሦስት ሰዓት ከተማውን ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከነቤተሰቡ ለሳምንት እንደሚመለስ ስለሚያውቁ ነው። በእኛም በኩል ለትራንዚት መንገደኛ የሚሸጥ የከተማ ጉብኝት አለ። ሆኖም የሚፈልግ ሰው ጠይቆ የሚያገኘው ነገር ነው። እኔ የምለው የሆቴል ኩፖኑ ሲሰጠው አብሮ የሚቀርብለት ይሁን ነው።

ምን እናሳየው? ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አሉ። ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለቱም ከቦሌ በመኪና ቅርብ ናቸው። እኔ ይበልጥ የምጓጓው ግን ለሰፈሬ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች፣ ቡናውን በብረት ምጣድ እያመሰች ጢሱን ወደ ተቀመጡት ሰዎች ታስጠጋለች፣ ሰዎቹም በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ይስቡታል። አቦሉ እስኪደርስ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ይወራል። በየሆቴሉ መግቢያ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቡና መቅዳቷ መልካም ነው፤ ጎረቤቱ ግን እዚያ የለም። አንድ የውጭ ሰው በእነዚህ ሰዎች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለት ስኒ ቢጠጣ፣ እኛም ስለ ሌጎስ ኑሮ ብንጠይቀው፣ የባህል ልውውጥ የምንለው ነገር ከመድረክ ወርዶ ሰው ቤት ገባ ማለት ነው። የሚያስፈልገው ቀላል ነው፤ ንጹሕ ውኃ፣ ጥላ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የታወቀ ዋጋ። በማኅበር የተደራጁ ሴቶች ከሆቴሎቹ ጋር ውል ቢይዙ ገቢው እዚሁ ይቀራል።

ደግሞ ትራንዚት መንገደኛ ሁሉ ለሽርሽር የወጣ አይደለም። ብዙዎቹ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ከአንድ ሆቴል በር ላይ ሁለት ኮንጎአውያን ሴቶች አብራኝ የነበረችውን ጎረቤቴን አስቁመው ወደ ጫማዋ ይጠቁሙ ጀመር። በቋንቋ አልተግባባንም። አንደኛዋ ጎንበስ ብላ ቆዳውን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች፣ ስፌቱን አየች፣ ከዚያ ጣቶቿን አፋትጋ ዋጋውን ጠየቀች። የት እንደተሠራ ጎረቤቴ ልታስረዳ ስትሞክር ሾፌሩ ጠራቸውና አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ወደ ቻይና እየሄዱ ነበር። የዓይናቸው አያያዝ የሸማች ሳይሆን የነጋዴ ነበር። ከእኛ አልጋ ተነሥተው ጫማ ሊገዙ ጓንጁ ይሄዳሉ፤ መርካቶ ዙሪያ ያሉት ጫማ ሠሪዎቻችን ግን ገዢ ጠፋ ይላሉ።

የገበያ ነገር አሳሳቢ ነው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ ስታስወጣ፣ ከእኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀውን ቦሌ ለሚን የመሳሰሉ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ተጎዱ፤ ሥራ ያጡትም በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ገዢ ሲያይ የሚመጣው ይህ ነው። የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2011 ዓ.ም. አጽድቀናል። የስምምነቱ ሌላ ወገን የሆኑት ነጋዴዎች ደግሞ በየሌሊቱ ቦሌ ያድራሉ። ለእነሱ የሚሆን ቋሚ የናሙና ማሳያ ቢኖር ምናለ? ጫማው፣ የሐበሻ ልብሱ፣ የተቆላው ቡና፣ የታሸገው ቅመም ከነዋጋውና ከነአምራቹ ስልክ የሚታይበት፣ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ የሚያስረዳ ሰው ያለበት፣ ሌሊትም የሚከፈት። ቀን ብቻ የሚሠራ ከሆነ አይረባም፤ እንግዳው የሚመጣው በበረራው ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጊዜ ስላለን አይደለም። አዲሱ ትልቅ ኤርፖርት የታቀደው ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ለአገር የሚያስፈልግ ሥራ ነው፤ ቦሌ ከእንግዲህ የሚሰፋበት ቦታ የለውም፣ ዙሪያውን የከበብነው እኛ ነን። ዛሬ ግን ስምንት ሰዓት የሚቆይ መንገደኛ ከአውሮፕላን ወርዶ በሩብ ሰዓት ሰፈራችን ይደርሳል። በረራው ወደዚያ ሲዛወር ይህ ቅርበት ከእጃችን ይወጣል። እስከዚያ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከተማዋን ካላስለመድነው፣ ያኔ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም። አየር መንገዱ፣ ኢሚግሬሽንና የቦሌ ክፍለ ከተማ በዚህ ዓመት ተቀምጠው በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ የቡና ማኅበርና በአንድ ማሳያ ክፍል ይጀምሩ። መንገዱን የሚያሳይ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም ወጣት ቡልቡላ ውስጥ ሞልቷል።